ለውዝ፣ ዐሥር ነጥብ

ልደቱ ሞቶ በጀርባው ተዘርሯል። ከንፈሩ አብጦ፣ ዓይኖቹ ተደፍነው፣ ሰሊማ የማታውቀው ሰው መሰላት። የብሔራዊ ፓርኩ ጥበቃ ስካውት ልደቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት ዳይስ እየወረወረ ይስቅ ነበር።

አራቱ ጓደኛሞች እሑድ እሑድ ደባርቅ ውስጥ በአነስ ሱቅ ጓዳ ይሰበሰባሉ። የሚጫወቱት አስጎብኚው ዋሴ የፈጠረውን ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ጀግና ይሆናል፤ ጀግናው ታላቅ ኃይል የሚያገኘው ግን ከተጫዋቹ ከራሱ ሕይወት የተወሰደ ጉድለት ሲሸከም ነው። ጉድለቱ በከፋ መጠን ኃይሉ ይጨምራል።

ከፖሊስ ጣቢያ የተጠራችው ኢንስፔክተር ሐመልማል ኩባያዎቹን አንድ በአንድ አሸተተች።

«በሶውን ማን በጠበጠው?»

«እኔ» አለች ሰሊማ። «ግን ሁላችንም የጠጣነው ከአንድ ጆግ ነው።»

«የተፈጨ ለውዝ ያለው የሟቹ ኩባያ ሥር ብቻ ነው።»

የሰሊማ አባት የለውዝ ነጋዴ ናቸው። ማን ያምናታል?

«ኩባያዎቹንስ ማን አጠበ?»

«እኔ ነኝ» አለ ዋሴ።

«ያደልኩት ደግሞ እኔ» አለ አነስ። «ሁላችንም የየራሳችን ኩባያ አለን።»

«ለውዝ እንደማይስማማው ታውቁ ነበር?»

ሦስቱም ያውቁ ነበር።

«ሆዱን የሚነፋው ነበር የመሰለኝ» አለ ዋሴ አንገቱን ደፍቶ። «ይገድለዋል ብዬ መች አሰብኩ?»

ኢንስፔክተሯ የጨዋታውን ደብተር ይዛ ስልክ ልትደውል ወጣች። በር ላይ የቀረው ፖሊስ ዓይኑን ከሰሊማ ላይ አልነቀለም። እሷም የሻርፗን ጫፍ በጣቶቿ እየጠመዘዘች፣ እናቷ መታሰሯን ከማን አፍ እንደሚሰሙ ታስብ ጀመር።

ሐመልማል ተመልሳ ሦስቱንም አስቀመጠች፤ ደብተሩንም ለሰሊማ ሰጠቻት።

«አንብቢልኝ፣ ሰሊማ።»

«አነስ፦ ውሻ ይፈራል፤ ሁለት ነጥብ። ሰሊማ፦ ገደል ያዞራታል፤ ሦስት ነጥብ። ልደቱ፦ ለውዝ አይስማማውም፤ ዐሥር ነጥብ።»

«ነጥብ የሚሰጠው ማነው?»

«ዋሴ።»

«ዐሥር ምን ያስገኛል?»

«ክንፍ። ከሁሉም የሚበልጠው ኃይል ነው።» ሰሊማ ከሥር የተጻፈውን በጣቷ ጠቆመች። «‹ዐሥር ነጥብ፣ ለሚገድል ጉድለት ብቻ› ይላል።»

«ጨዋታ እኮ ነው!» አለ ዋሴ። «አጋንኜ ይሆናል።»

«እኔም ይሆናል ብዬ ልደቱ ተመድቦ በነበረበት በአምባራስ፣ ጤና ኬላ ላሉት ነርስ ደወልኩ። አምና ልደቱ ለውዝ ቀምሶ ትንፋሹ ሲያጥረው በበቅሎ እሳቸው ጋ ያደረስከው አንተ ነህ። ‹ዳግመኛ ከቀመሰ ይሞታል› ብለው የነገሩህም አንተን ነው። ታዲያ ለምን ሆዱን የሚነፋው መሰለኝ አልከኝ? ኩባያውን ስታጥብ ዱቄቱን ሥሩ ላይ አደረግህ። በሶ ስለሚመስል ሰሊማ ሳታየው ቀዳችበት።»

«ራስህ ያዳንከውን ሰው?» አለ አነስ።

«ፓርኩ ውስጥ፣ ጨነቅ የሚባለው ቦታ ላይ ዋልያ ስገድል አይቶኛል» አለ ዋሴ። «ነገ ለፓርኩ ሊናገር ነበር።»

ሰሊማ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «በሶውን የምበጠብጠው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። እኔን እንደሚያስሩኝ አላሰብክም?»

ዋሴ ቀና ብሎ አያት።

«አስቤ ነበር» አለ።