የተገኘ ወሰን ላይ የሚጠፋው ሞተር

አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ በሚወራበት ቤት ቁጭ ብዬ እንኳ የማዳምጥ ሰው አልነበርኩም፤ ጥላ አየሁ፣ የሞተ ሰው ጠራኝ የሚል ሲገጥመኝ «ሂድና ተኛ፣ እንቅልፍ አጥተህ ነው» ብዬ የማልፍ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መኪና ስነዳና ስጠግን የኖርኩ፣ ሞተር ከቆመ ወይ ናፍጣው ነው ወይ አየር ገብቶበት ነው፣ ከዚህ ሌላ ሰበብ የለውም የምል ሰው ነኝ። አሁን አምናለሁ ወይ ብትለኝ፣ እንጃ፣ ማመኑም አለማመኑም ደክሞኛል።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሹፍርናውን ትቼ አገሬ እስቴ ገብቼ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ያለችውን የአባቴን መሬት እያረስኩ ነበር፤ ያለኝ በሬ አንድ ነው፣ ዳልቻ ይባላል፤ አጎራባቼ ተገኘም እንደኔው ቦራ የሚባል አንድ በሬ ነበረው፤ እንግዲህ ባለ አንድ በሬ ምን ያደርጋል፣ ይቀናጃል፣ ሁለቱን አንድ ቀንበር ላይ እያዋልን ሦስት ቀን የኔን፣ ሦስት ቀን የሱን እናርሳለን። በዚያ ዓመት ተራው በኔ ተጀመረ። ሦስት ቀን የኔን አረስን፣ በሦስተኛው ቀን ማታ አንድ የድሮ አለቃዬ «እርሻ የሚዘጉ ሰዎች ትንሽ ትራክተር ሊሸጡ ነውና ቶሎ ድረስ» ብሎ ላከብኝ።

የተቀናጀ ሰው የባልንጀራውን ተራ ሳይጨርስ በሬውን አይሸጥም፣ ይሄን እኛ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። እኔ ግን ሸጥኩት፣ ዳልቻን ደብረ ታቦር ወስጄ ለሥጋ ነጋዴ ሰጠሁትና ካጠራቀምኩት ላይ ጨመርኩበት።

«ምን ቸገረህ ተገኘ፣ ብረቱ ሲመጣ ያንተን በአንድ ቀን እገለብጠዋለሁ» አልኩት።

«አንተ ካልክ እሺ፣ ካሴ» አለኝ። እሱ እንዲህ ነው፣ ክፉ ቃል አይወጣውም፤ ምነው በተቆጣኝ ኖሮ!

ብረቱ በቶሎ መጣ መሰለህ? መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ ዕቃ ጠፍቶ፣ ሦስት ወር ገተረኝ። ተገኘ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ጊዜው ገፋበት፣ ለቦራ አቀናጅ የሚሆን በሬ ሊለምን ቆላ ወደ ዘመዶቹ ወረደ፣ በሬም አላገኘ፣ ንዳድ ይዞት ተመለሰና ፋሲካን ሳያይ ሞተ። እኔ ትራክተሩን እየነዳሁ ስገባ ሰዉ ከተዝካሩ እየተመለሰ ነበር፣ እልል ያለልኝም አልነበረም።

ደግሞ ትራክተር ያለው ሰው ዐርፎ የሚበላ ይመስልሃል? በሬ ሲታመም ቢያንስ ይተኛል፤ ይሄ ጉድ ግን ዛሬ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ ይበጠሳል፣ ነገ ራዲያተሩ ያፈሳል፣ ናፍጣው ከደብረ ታቦር በበቅሎ ተጭኖ ሲመጣ ውሃ ይቀላቀልበታል፣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ስፈታ ስገጥም እጄ ከብረቱ ቀለም ጋር አንድ ሆነ፤ እንጀራ ስቆርስ እንኳ በሞተር ቅባቱ ግራሶ ግራሶ ይለኛል። ሌሊት ስለ ብሎን እያለምኩ ጠዋት ከእንቅልፌ ደክሞኝ እነሳ ነበር።

ሰኔ ገባ። የገብስ ዘር ጊዜው ሊያልፍ ነው፣ የተገኘ ሚስት የሺም መሬቱ ሳይታረስ እንደ ደረቀ፣ ቦራም ያለ አቀናጅ ቆሞ ቀረባት። መጣች፣ ደጃፌ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች።

«ካሴ፣ ተራችንን ብዬ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

«እታለም፣ ብረቱ ታሟል፣ ናፍጣውም የቀረኝ ለራሴ ብቻ ነው፣ የኔን ላድርስና አይሻለሁ።»

«ይሄ ሳምንት ካለፈ እኮ ገብስ ዘርቼ አልበላም፤ ሁለቱን ልጆች ሰው ቤት ላስገባቸው ነው።»

«አይሻለሁ አልኩ እኮ!»

ጮህኩባት፣ አዎ፣ አፈር ልብላ፣ የሙት ሚስት ላይ ጮህኩ። እሷም «እሺ» ብላ ሄደች።

በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ሌሊት እንዳይመስልህ፤ የራሴን መሬት እያረስኩ ሳለ ጉም ወርዶ የትራክተሩ አፍንጫ እንኳ በጭላንጭል የሚታየኝ ሆነ። እስከ ተገኘ ወሰን ድረስ ሄጄ፣ ወደ ራሴ ልመለስ መሪውን ሳዞር ሞተሩ ቀጥ አለ። ወረድኩ፣ ፊልትሮውን አየሁ፣ ንጹሕ ነው፤ አየሩን አስወጣሁ፣ አስነሳሁት፣ ተነሣ። ሁለት ትልም ሄጄ ተመልሼ ወሰኑ ጋ ስደርስ፣ ወደኔ ሳዞር አሁንም ጠፋ። በሦስተኛው ግን መሳደብም አቃተኝ፣ መሪው ላይ ተደፋሁ።

ያኔ ነው ጅራፍ የጮኸው።

አንድ ጊዜ ጧ አለ፣ ከተገኘ መሬት በኩል። እረኛ ነው አልኩ። ቀጥሎ ግን ቀንበር ሲጥ ሲጥ ሲል፣ ማረሻ ድንጋይ ገጭቶ ሲያልፍ፣ የሁለት በሬ ትንፋሽ፣ ልብ በል፣ የሁለት፣ እህ እህ እያለ ወደኔ ሲመጣ ሰማሁ፤ በሰፈሩ ደግሞ የዚያን ጊዜ ተጠምዶ የሚያርስ በሬ አልነበረም፣ ሁሉም ተፈትቶ ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ የሰው ድምፅ መጣ፣ ቀስ ያለ፣

«ፈር ያዝ፣ ዳልቻ! ተመለስ፣ ዳልቻ!» አለ።

ወዳጄ፣ ዳልቻን እኔ ነኝ የሸጥኩት፤ ሥጋው ተበልቶ፣ ቆዳው ተሸጦ ካለቀ ስንት ወር ሆኖታል! እንደ ምንም ብዬ በወሰኑ ድንጋይ ላይ ተሻግሬ «ማነው? ማነው እሱ?» እያልኩ ጉሙ ውስጥ ገባሁ፤ ሰው የለም፣ በሬም የለም፣ ድምፁም ጠፋ። እግሬ ሥር ግን አንድ ትልም ተገምሷል፣ ከወሰኑ ተነሥቶ እስከ መሬቱ መካከል ይሄድና እዚያ ቁርጥ ይላል፤ አፈሩን በእጄ ዘገንኩት፣ ገና ትኩስ ነው፣ እንፋሎት አለው። ያንን ትልም የትኛው ገበሬ እንደጀመረው እስከ ዛሬ ጠይቄ ያረስኩት እኔ ነኝ ያለኝ ሰው የለም።

ምን አደረግህ በለኝ። ተመልሼ ትራክተሩ ላይ ወጣሁ፣ መሪውን ወደ ተገኘ መሬት አዞርኩትና አስነሳሁት፤ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ጉም ነው አላልኩ፣ ናፍጣዬ አላልኩ፣ እስኪመሽ አረስኩ፣ በማግስቱም እስከ እኩለ ቀን አረስኩና ጨረስኩት፤ አንድም ጊዜ አልጠፋብኝም። የኔ መሬት እኩሌታው በዚያ ዓመት ጦም አደረ፣ ናፍጣው አለቀ እኮ፣ ይሁን።

ስጨርስ «ነገ ዘርሽን አውጪ» ልላት የሺ ቤት ሄድኩ። ጉሮኖው ውስጥ ጎንበስ ብላ የቦራን አንገት ቅቤ ስትቀባ አገኘኋት።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«እንጃ፣ ከትናንት ወዲህ አንገቱ ተልጧል። ከጉሮኖ እንኳ አልወጣም፣ ቀንበር ካየ ወራት አልፎታል» አለችኝ።

መቀመጫ ሳትሰጠኝ ተቀመጥኩ። መናገር አልነበረብኝም ይሆናል፣ ግን ተናገርኩ፣ ጅራፉን፣ ቀንበሩን፣ ድምፁን፣ ትልሙን፣ ሁሉንም። ትጮኻለች፣ ታማትባለች ብዬ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ እጇን ከቦራ አንገት ሳታነሣ፣

«ድምፁ እንዴት ነበር? ደክሞት ነበር ወይ?» አለችኝ።

«አይ፣ ደህና ነበር፣ እንደ ድሮው ነው» አልኳት።

«ተመስገን። ከቆላ ሲመለስ እኮ በጣም ደክሞት ነበር» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

የሺ ገብሷን ዘራች፣ ልጆቿም እቤቷ ከረሙ፣ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ዋሽቻታለሁ፣ ይሄን ላንተ ነው የምነግርህ። ያ ድምፅ ተነሥቶ መቆም ያቃተው፣ ዐረፍ በል የሚለው ያጣ ሰው ድምፅ ነበር። ሞቶም አላረፈም ብዬ ለሚስቱ እንዴት ልንገራት?