የአረፍ በሉ ልጅ

«እሜቴ፣ ገመዱን ወጠር አድርጊው! ሰው ሲደገፍበት ይረግባል» አላት አባቷ።

ልጅቷ ገመዱን መዳፏ ላይ ጠምጥማ ወደ ኋላ ሳበችው። «እሜቴ» የቤት ስሟ ነው። አባቷ ካወጣላት ወዲህ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው።

ቦታው ድሮ አሸዋ ይወጣበት ነበር። አሁን የሞተርና የመኪና መፈንጫ ሆኗል። እሑድ እሑድ ጎማቸው እስከ ሰው ደረት የሚደርስ መኪኖች አቀበቱን እየቧጠጡ ይወጣሉ፣ ከተማው ሁሉ ሊያይ ይመጣል። ደስ የሚለውም የሚያስፈራውም ማጠፊያው ነው። መኪናው ከጉብታው ጀርባ ድንገት ብቅ ይላል፣ ኋላው ይንሸራተታል፣ አሸዋውን ተመልካቹ ላይ ይረጫል። ሰው ደግሞ ካልተረጨበት ያየ አይመስለውም።

ይህን ሕዝብ ከገመዱ እንዳያልፍ ማድረግ የአባቷ ሥራ ነው። ፊሽካ ተሰጥቶታል፤ ነፍቶት ግን አያውቅም። የቆመ ሰው ይገፋል፣ የተቀመጠ ሰው አይገፋም ባይ ነው። ስለዚህ ቤቱ እንግዳ እንደ መጣበት ሰው እጁን ዘርግቶ ይዞራል። «አረፍ በሉ! እናቴ፣ እዚህ ጋ አረፍ በሉ! ጎረምሳው፣ ለጓደኛህም ቦታ አለ፣ አረፍ በሉ!» ስሙም በዚያው «አረፍ በሉ» ሆኖ ቀረ። እሜቴ ጠዋት ክፍል ስትገባ ከኋላ ወንበር አንዱ አፉን ሞልቶ «አረፍ በይ!» ይላታል፣ ክፍሉ ይስቃል። ያንን ቃል በአፏ ላታወጣው ለራሷ ምላለች።

የአባቷ ሰደርያ ጀርባው ላይ «ፓርኪንግ» ይላል። የራሱን እንዲያሠሩለት ስንት ጊዜ ለመነ! ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ «በሚቀጥለው» ነው መልሱ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ድንኳን አለው፣ ቀዝቃዛ ውኃ አለው፣ በድምፅ ማጉያ የሚጠራ ስም አለው። እንዲህ ነው ነገሩ። አቧራ የሚቅመውና የሚመሰገነው አንድ ሰው ሆኖ አያውቅም።

ዛሬ የአባቷ የሥራ ባልደረባ ጉልበቱን አሞት ቀረ። እሜቴ በእሱ ፋንታ መጣች። ሥራዋ ቀላል ነበር። በሕዝቡ መሃል፣ ከገመዱ ጀምሮ ላይ አምቡላንሱ እስከቆመበት ድረስ፣ በኖራ የተሰመረ ባዶ መተላለፊያ አለ። እሱን መጠበቅ ብቻ።

«ሰው ልቀመጥ ብሎ ቢለምነኝስ?» አለችው።

«ተይዟል በይ።»

«ማን ያዘው ካሉኝስ?»

«እንዳይመጣ ጸልዩ በያቸው» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «አንድ ጊዜ መንገድ ጠፍቶ አንዱን ወጣት በሰው ራስ ላይ እየተቀባበልን አወጣነው። ሲወድቅ የተሰበረው እግሩ ነበር። ላይ ስናደርሰው ክንዱም ተሰብሯል።»

ይህን ብሏት ከኋላ የሚገፉትን ሊያስቀምጥ ወደ ላይ ወጣ።

ወዲያው ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ባዶውን ቦታ እያዩ ምራቃቸውን ዋጡ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ቦታ እያለ እኔ በአንድ ጎኔ ልንጠልጠል?»

«ተይዟል አባባ።»

«በማን? በጂኒ?»

ዙሪያው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ሽማግሌው ግን እየተነጫነጩም ቢሆን በአንድ ጎናቸው እንደተንጠለጠሉ ቀሩ።

«ፍሬንድ!»

እሜቴ ዞራ ሳታይ ድምፁን አወቀችው። ስልክ ከእጇ ስለማይለይ «ካሜራ» የምትባለው ጓደኛዋ ናት፤ ሁለት የአክስቷን ልጆች አስከትላ መጥታለች። ክፍል ውስጥ ሙድ ይዛባት የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። እንዲያውም አንድ ቀን «አረፍ በይ» ያላትን ልጅ ቦርሳ በመስኮት ወርውራለታለች፤ ለዚህም ወላጅ አምጪ ተብላለች።

«ወንድሜ ዛሬ ይወጣል! ቢጫዋን መኪና ነው የሚነዳው! ከዚህ ነው የማነሳው፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ ይታየኛል» አለችና መተላለፊያው መሃል ቁጭ አለች።

«እዚህ ጋ አይቻልም።»

«አታካብጂ ባክሽ! እሱ እስኪያልፍ ብቻ። አንቺ ባትኖሪ የት እገባ ነበር?»

እሜቴ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ያ ቦርሳ በመስኮት ሲበር ታያት። ተወቻት። የአክስት ልጆቹም ተቀመጡ።

«ኧረ! ጂኒዎቹ መጡ!» አሉ ሽማግሌው። ጃንጥላቸውን ጠቅልለው እሳቸውም ገቡ። አንዲት እናት ልጆቿን እየጎተተች ተከተለች። ከዚያ ማን እንደገባ መለየት አልተቻለም። መተላለፊያው አሸዋ ላይ እንደፈሰሰ ውኃ ጠፋ።

እሜቴ ወደ ላይ አየች። አባቷ እጁን ዘርግቶ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ አዲስ የመጣውን ሕዝብ እያስቀመጠ ነበር። አጠገቡ ሁለቱ የአምቡላንስ ልጆች ቃሬዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው ተነሣ፣ ቁልቁል መንገዱን በዓይኑ ፈለገ፣ አጣውና ራሱን አከከ። ለአባቷ የሆነ ነገር ነገረው።

አባቷም ዘወር ብሎ አየ። አሁንስ ፊሽካውን ይነፋዋል ብላ ጠበቀች። አልነፋም። በአገጩ ወደ እሷ አመለከተ፣ መልሶ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ቃሉ ባይሰማትም ገባት። «እሷ አለች» ነው ያለው።

በድምፅ ማጉያው «ቀጣይዋ ቢጫዋ!» ተባለ። ከጉብታው ጀርባ ሞተር አጓራ።

«ተነሱ!» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። የሰማም ካለ ይበልጥ ተደላድሎ ተቀመጠ።

ያኔ እጇ በራሱ ተዘረጋ።

«አባባ፣ እዚህ ጋ አረፍ ይበሉ። ጃንጥላዎን እኔ ልያዝልዎ። እናቴ፣ ከልጆቹ ጋር ወደዚህ አረፍ በሉ! እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው!»

«እንዴ! የአረፍ በሉ ልጅ!» አለ አንዱ ጎረምሳ፣ ሳቅ ተነሣ። ጆሮዋ ጋለ። ቢሆንም አላቆመችም። እነሱም እየሳቁ ይነሱ ነበር፤ ለሚያስተናግድ ሰው እምቢ ማለት ይከብዳል።

በመጨረሻ መተላለፊያው ላይ ካሜራና የአክስቷ ልጆች ቀሩ። ስልኳን ማጠፊያው ላይ አነጣጥራለች።

«እኔንም?»

«አንቺንም።»

«አሁን እኮ ነው የሚመጣው!»

«ስለሚመጣ እኮ ነው። ተነሺልኝ፣ በሞቴ።»

ካሜራ አየቻት። ከዚያ ብድግ አለች፣ የአክስቷ ልጆችም። ዘወር እንዳሉ ቢጫዋ መኪና ብቅ አለች፣ ኋላዋ ተንሸራተተ፣ አሸዋ ረጨች፣ ተስተካከለችና አቀበቱን ወጣች። ሕዝቡ በተቀመጠበት አጨበጨበ። ስልኩ ላይ የቀረው አቧራና የሽማግሌው ጃንጥላ ነበር።

«አየሽ?» አለች ካሜራ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ምንም አልሆነም! ምንም!»

እውነቷን ነው፣ ምንም አልሆነም። ካሜራ ጥላት ሄደች።

ማምሻውን ሥራ አስኪያጁ በድምፅ ማጉያው ነጂዎቹን አመሰገነ፣ ስፖንሰሮቹን አመሰገነ፣ አየሩን ሳይቀር አመሰገነ። አባትና ልጅ ገመዱን እየጠቀለሉ ሰሙት። ከዚያ አንድ ዳቦ ለሁለት ገምሰው ባዶው ዳገት ላይ ተቀመጡ።

«ተቀየመችሽ አይደል?»

«እ።»

«ያቺ ቦርሳ ወርዋሪዋ አይደለችም?»

«ናት።»

«እንግዲያው ጥሩ ልጅ ናት» አለና ከዳቦው ላይ አሸዋ እፍ አለ። ከዚያ «ድምፅሽ ላይ ድረስ ይሰማ ነበር» አላት፤ ይህን ሲል ደረቱ የሰደርያውን ቁልፍ ሊበጥሰው ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ ስልኳ ጮኸ። የደበዘዘ የጃንጥላ ፎቶ ነው። ከሥሩ ካሜራ እንዲህ ጽፋለች፦ «የደረሰኝ ይሄ ነው። ወንድሜ በሚቀጥለው እሑድ ድጋሚ ይወጣል። እዚያችው ቦታ ታስቀምጪኛለሽ ወይስ አታስቀምጪኝም?» እሜቴ ደጋግማ አነበበችው፣ ስልኩንም ኪሷ ከተተችው።

እናቷ በሩን ከፍታ እንደ ወትሮዋ ጠየቀች። «ውሎ እንዴት ነበር?»

አባቷ እሑድ እሑድ ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ነው። እሜቴ ሁልጊዜ የደከመው ሰው መልስ ይመስላት ነበር። ዛሬ ግን እሱ አፉን ሳይከፍት ያንኑ መልስ ይዛ ቀደመችው።

«ምንም አልሆነም።»

አባቷ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጫማውን ሊፈታ ጎንበስ አለ፣ ማሰሪያው ግን ዛሬ ቶሎ አልፈታ አለው።

እሜቴ ስልኳን አወጣች። «ባዶዋ መተላለፊያ ላይ አይሆንም» ብላ ጻፈች። «ከጎኗ ግን ቦታ እይዝልሻለሁ። ቀድሜ እዚያ ነኝ።»