አልቃሹ ጠረጴዛ

ኢንስፔክተር ዙለይኻ ከሟቹ የደረት ኪስ ያወጣችውን ነገር መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ስፒና ነበር፤ ግድግዳ ላይ ባለ ሶኬት የሚሰካው የገመድ ጫፍ። ገመዱ ከኪሱ ወጥቶ፣ በብብቱ ሥር አልፎ፣ ቁም ሳጥን የሚያህለው የስፒከር ሳጥን ውስጥ ይገባል። የሳጥኑ ጀርባ ተከፍቷል። ሟቹ ባዶ እግሩን ነው፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ተቃጥለዋል፣ ግራ እጁ ፒንሳ እንደጨበጠ ነው። ኤሌክትሪክ እንደገደለው ሐኪሙ በአንድ እይታ ተናግሯል።

«ቀጀላ፣ ስፒናው ኪሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ኤሌክትሪኩ ከየት መጣ?»

ሳጅን ቀጀላ ራሱን አከከ። «እኔም እሱ ነው የቸገረኝ ኢንስፔክተር።»

ዘመኑ መብራት በፈረቃ የሚታደልበት 2001 ዓ.ም. ነው። ቦታው ቃሊቲ፣ የሀይረዲን አዳራሽ። ሟቹ ደግሞ ከአቃቂ በሰቃ እስከ ቱሉ ዲምቱ የማያውቃቸው የሌለ፣ «ጥጥ አበባ» የሚባለው የሙዚቃ ባንድ ተጫዋች ጋሽ ወልደሰንበት ናቸው። ባንዱ ክር ፋብሪካ ውስጥ ተወልዶ፣ ከፋብሪካው ጡረታ ከወጡት ጋር ያረጀ ባንድ ነው። ጋሽ ወልደሰንበት በሙያቸው የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ስቲል ጊታር ይጫወታሉ። አስመራ ከነበረ አንድ አሜሪካዊ ወታደር በወጣትነታቸው የገዙት ነው። በአራት እግሩ እንደ ጠረጴዛ ይቆማል፣ ከሥሩ ፔዳሎች አሉት፣ በክሮቹ ላይ የብረት ዘንግ ሲንሸራተትበት የሙሾ አውራጅ ድምፅ ያወጣል። ሰፈሩ «አልቃሹ ጠረጴዛ» ይለዋል።

ዙለይኻም ብትሆን በሠርጓ ቀን ያለቀሰችው በእሱ ነው። ያገባችው ሰው ከሞተ ወዲህ ወደዚህ አዳራሽ ዝር ብላ አታውቅም። ዛሬ ጊታሩ መድረክ ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ግን ሥራ ሥራ ነውና ፊቷን አዙራ ወደ ሟቹ ባለቤት ሄደች።

ወይዘሮ አስካለች በሩ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው መሬት ይጠርጋል።

«ጆሮው ከከዳው ቆይቷል» አሉ። «እኔ ስጠራው እንኳ አይሰማኝም። ጊታሩን ግን በእግሩ ይሰማዋል። ጫማውን አውልቆ፣ ፔዳል በማይረግጥበት እግሩ ሳጥኑን ይነካል። ሳጥኑ ከተንቀጠቀጠ ደረሰኝ ይላል።»

«ስፒናውን ለምን ኪሳቸው ከተቱት?»

«የፋብሪካ ልማድ ነው። ሲጠግን ሌላው ሳያውቅ እንዳይሰካበት ኪሱ ይከተዋል። እቤት ካውያ ሲጠግን እንኳ እንደዚያው ነው። እኔ እስቅበት ነበር።»

«ባለፈው ቅዳሜ ከመድረክ ሲመለሱ ምን አሉ?»

ወይዘሮዋ ትንሽ አሰቡ። «ሳጥኑ እግሬን ነዘረኝ አለ። ደግሞ ምን አለ መሰለሽ፣ ‹አስካለች፣ ልጁ እኮ በልጦኛል› ብሎ ሳቀ። የቱ ልጅ ብዬ ብጠይቀው አልሰማኝም። ዛሬም ፒንሳና የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ሥራ አለኝ ብሎ ወጣ። ደስ ብሎት ነበር፤ ደስ ብሎት!» እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

የአዳራሹ ባለቤት ሀይረዲን ሳይጠየቅ ነው የሚመልሰው። «ወላሂ ኢንስፔክተር፣ ሠራተኛዬ ለቅሶ ሄዳብኝ መድረኩን ጠዋት በገዛ እጄ ነው የወለወልኩት። ከመጋረጃ እስከ መጋረጃ! የኋላው በር ለሙዚቀኞቹ ክፍት ነው፤ እኔ ሱቄ ነበርኩ። መብራት መጥቶ ሰፈሩ ‹መጣ! መጣ!› ብሎ ሲጮህ አምፖሉን ላበራ ገባሁ፤ ሰውየው ሳጥኑ ጀርባ ወድቀዋል።»

«ጠብ ነበር በባንዱ መካከል?»

ሀይረዲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለፈው ሳምንት ፈርሃት፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ፣ ለዘፋኙ ለሉቃስ ‹በዚህ ሰውዬ ጉዳይ በቃኝ፤ ቅዳሜ ያብቃ› ሲለው ሰምቻለሁ። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ዝም አልኩ።»

ይህን ጊዜ ሳጅን ቀጀላ ከሳጥኑ ጀርባ በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ። «አገኘሁት! ሳጥኑ ውስጥ ሁለተኛ ገመድ አለ። በመድረኩ የፕላስቲክ ምንጣፍ ሥር ተቸንክሮ ተቸንክሮ እስከዚያ ጫፍ ይሄዳል። የተሰካው ፈርሃት ኪቦርድ ጀርባ ነው። ሽማግሌው የሚያውቁትን ስፒና ነቀሉ፤ የማያውቁት ገደላቸው። ወጥመድ ነው! ልጁ ቦታቸውን ፈልጓል።»

ፈርሃት ከታክሲ ወርዶ አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ካቴና ገባለት። ሰኞ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው።

ዙለይኻ ጣቢያ ስታነጋግረው ልጁ ዓይኑ አብጦ ነበር።

«ሽቦው የኔ ነው» አለ። «ግን ወጥመድ አይደለም። የጋሼ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት ሆነ። ዘንጉ ቦታውን ይስታል፤ እሳቸው ደግሞ አይሰሙትም። ሰው መሳቅ ጀመረ። ጋሽ ሉቃስ ‹ወልዴን ከመድረክ የሚያወርድ አፍ የለኝም› አሉ። ስለዚህ የሳቸውን ድምፅ ዘጋነው። እኔ በኪቦርድ የስቲል ጊታር ድምፅ አውጥቼ እጫወትላቸዋለሁ። ሳጥኑ ካልተንቀጠቀጠ ግን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ስፒከር ውስጡ ደብቄ ድምፁንም መብራቱንም ከኪቦርዴ ጀርባ በሌላ ገመድ ወሰድኩለት። እሳቸው የተጫወቱ ይመስላቸዋል።»

«‹ያብቃ› ያልከውስ?»

«ሲጨበጨብላቸው ተነስተው እጅ ይነሳሉ። ማታለሉን እኔ አንጀቴ አልችል አለ፤ ሌላ ምን ልበልሽ? ይቅርታ፣ ምን ልበልዎት?»

«ሽቦውን በምን ጠቀለልከው?»

«በቁስል ፕላስተር። ሌላ አልነበረኝም።»

«ስፒናው ሶኬቱ ላይ አጥብቆ ይቆማል?»

«ላልቷል። በክብሪት እንጨት ነው የምወጥረው። እንደተሰካ ነው የሚውል የሚያድረው።»

ዙለይኻ ወጥታ ለቀጀላ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለችውና የባንዱን ዘፋኝ ፍለጋ ሄደች።

ሉቃስ በፋብሪካው የጋሽ ወልደሰንበት ረዳት ነበር፤ በመድረክ ደግሞ ድምፃቸው። ቤቱ ደጃፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ሀዘኑ የውሸት አልነበረም፤ ፊቱ ባንድ ቀን ተሰብሯል። እጁ ግን ሥራ ላለመፍታት ይመስል ከኪሱ ሚንት ከረሜላ አውጥቶ ጋበዛት።

«ለጉሮሮዬ ነው፤ ያለሱ አልዘፍንም።»

«አቶ ሉቃስ፣ መብራት ሲመጣ የት ነበሩ?»

«ፀጉር ቤት። ጩኸቱን እዚያ ነው የሰማሁት። አዳራሽ የደረስኩት ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ነው።»

«ፈርሃትን እንዴት ያዩታል?»

ሉቃስ አንገቱን ደፋ። «ጥሩ ልጅ ነው» አለ።

ዙለይኻ ከረሜላዋን ጎረሰች፤ አረንጓዴ ወረቀቷን ኪሷ ከተተች። ከዚያ ወደ አዳራሹ ተመለሰችና ኪቦርዱ ጀርባ ተንበረከከች። ከሶኬቱ በታች፣ ሀይረዲን በወለወለው ንፁህ ወለል ላይ፣ አንዲት ደረቅ የክብሪት እንጨት ወድቃለች። የተሰካውን ስፒና ስትነቅለው ከጎኑ ታጥፋ የተወተፈች ወረቀት አብራ ወጣች፤ አረንጓዴ ናት። በመጨረሻም ሳጥኑ ውስጥ በባትሪ አይታ ተነሳች። ዓይኗን በእጅጌዋ ስትጠርግ ቀጀላ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በማግሥቱ እሑድ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ወይዘሮ አስካለችን፣ ሀይረዲንን፣ ሉቃስን፣ ከጣቢያ የመጣውን ፈርሃትን። መብራት የለም። ሳጅን ቀጀላን ኪቦርዱ ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ ሶኬቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገረችም።

በመጀመሪያ ፈርሃት የሳጥኑን ምስጢር ለወይዘሮዋ እንዲናገር አደረገች። ልጁ እያለቀሰ ተናገረ።

«አሁን ሞቱን እንይ» አለች ዙለይኻ። «ጋሽ ወልደሰንበት የራሳቸውን ስፒና ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። ሳጅን ቀጀላ ሁለተኛውን ገመድ አያውቁትም ነበር አለ። እኔ ግን ያውቁት ነበር እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሳጥኑ እግራቸውን ነዝሯቸዋል። የኤሌክትሪክ ሰው ከተነዘረ ምክንያቱን ይፈልጋል። መድረክ ላይ እጃቸውን ከክሩ ያነሱ ይመስለኛል፤ ሳጥኑ መንቀጥቀጡን አላቆመም። ያኔ ገባቸው።»

«አውቆ ነበር?» አለ ሉቃስ።

«ይቆዩ፣ እመጣበታለሁ። አቶ ሀይረዲን፣ ጠዋት ሲወለውሉ ይህን ስፒና ነክተዋል?»

«ኧረ አልነካሁም! ኤሌክትሪክ እፈራለሁ።»

«የክብሪት እንጨትስ ወለሉ ላይ ነበረች?»

«ብትኖር እጠርጋት ነበር።»

«ስለዚህ ክብሪቷ የወደቀችው ከተወለወለ በኋላ ነው። የምትወድቀው ደግሞ ስፒናው ሲነቀል ብቻ ነው። የነቀሉት ጋሽ ወልደሰንበት ናቸው፤ ሁለቱንም ገመድ አጥፍተው ነው ሥራ የጀመሩት። ይኸኛው ግን ምንጣፉ ሥር ተቸንክሯል፤ ኪስ አይደርስም። ወለሉ ላይ ትተውት፣ ወደ ሳጥናቸው ጀርባ ተመልሰው፣ በኋላዋ መስኮት ብርሃን መሥራት ጀመሩ። ሲሞቱ ግን ስፒናው ተሰክቷል። እነቀጀላ የደረሱት ሰው ሳይነካው ነው። በክብሪትም አልነበረም የተወጠረው።»

ሁለቱን አረንጓዴ ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች። አንዷ ከሶኬቱ የወጣችው ናት፤ ሌላዋ ሉቃስ የጋበዛት።

ሀይረዲን ወረቀቶቹን አይቶ ወደ ሉቃስ ዞረ።

«ወደ ፀጉር ቤት ስሄድ፣ ለማታው ሁሉ መዘጋጀቱን ላይ ብዬ ነው የገባሁት» አለ ሉቃስ ማንንም ሳያይ። «ጨለምለም ብሎ ነበር። ስፒናው ወድቋል። ሀይረዲን ሲወለውል የነቀለው መሰለኝ። ማታ ሳጥኑ ካልተንቀጠቀጠ ወልዴ ይሰማዋል፣ ልቡ ይሰበራል ብዬ ሰካሁት። ሳጥኑ ሸፍኖት አላየሁትም። ደግሞ ተጣርቻለሁ! ‹ማን አለ?› ብዬ ጮክ ብዬ ተጣርቻለሁ። ማንም አልመለሰልኝም።»

የተጣራው ጆሮ የከዳውን ሰው ነበር። መብራቱም ብዙ አልቆየም፤ መጣ።

ፈርሃት ቀና አለ። «ጋሽ ሉቃስ፣ እኔ ጣቢያ ሳድር ይህን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር ልጄ። አስካለችን ‹ባልሽን የገደልኩት እኔ ነኝ› የምልበት አፍ አጣሁ።»

«ስፒናውን መሰካትዎ ስህተት ነው» አለች ዙለይኻ፤ ድምፅዋ አልከረረም። «ፍርድ ቤት እንደ ስህተት ያየዋል። ልጁ ታስሮ እያለ ዝም ማለትዎ ግን ስህተት አይባልም። አብረውኝ ይሄዳሉ።»

ሉቃስ ለመነሳት ሞከረና መልሶ ተቀመጠ። «እሺ፣ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እንዳታለልነው አውቆ፣ ተናዶብን ነው የሞተው?»

ዙለይኻ የተከፈተውን ሳጥን አመለከተች። «ፒንሳ በግራ እጃቸው ይዘው ነበር። ሽቦውን መቁረጥ ይችሉ ነበር፤ አልቆረጡትም። የፈርሃትን ፕላስተር ልጠው፣ የተገለጠውን ሽቦ በናስትሮ እንደገና እየጠቀለሉት ነበር። ግማሽ ደርሰዋል። ልጁን እንዳይነዝረው ነው የመጡት። ማታ እንዳላወቁ ሆነው፣ እንደ ወትሮው ተቀምጠው፣ እናንተ ስትጫወቱላቸው ሊጫወቱ ነበር ሐሳባቸው።»

«ልጁ እኮ በልጦኛል» አሉ ወይዘሮ አስካለች ቀስ ብለው። «እንዲህ ነበር ያለኝ። አንተን ነው ፈርሃት። እየሳቀ ነው ያለኝ።»

ፈርሃት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሉቃስ እጁን ዘርግቶ ባዶ መዳፉን አየ። «ፋብሪካ ሳለን ገመዱ ኪስ ካልደረሰ እኔ ነበርኩ የምይዝለት። ‹ሉቃስ፣ ያዝልኝ› ይለኛል። እሱ ጨርሶ እስኪነሳ ስፒናውን ከእጄ አላወጣም ነበር። ስንት ዘመን!»

«ትናንትናስ ለምን አልጠራህም?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ከጠራኝማ ማወቁን አውቅበታለኋ አስኩ። እንዳላፍርበት ብሎ ነው።»

ያን ጊዜ አምፖሎቹ ቦግ አሉ። ውጭ ሰፈሩ እንደ ልማዱ «መጣ! መጣ!» ብሎ በእልልታ ተናጋ፤ የአንዱ ሱቅ ራዲዮም ጀመረ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ሳጥኑ ዞሩ። ሳጥኑ ዝም ብሏል።

ሳጅን ቀጀላ ኪቦርዱ ጀርባ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ስፒናውን የጨበጠበትን እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ይዤዋለሁ» አለ።

ወይዘሮ አስካለች ከትናንት ጀምሮ ድምፅ ሳያሰሙ ሲያለቅሱ ቆይተው፣ ጮኸው ያለቀሱት ይህን ሲሰሙ ነው።