ገመዱን የያዘች እጅ

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፤ እነዚያ ዳር ያሉትም ይስሙ» አሉ ጋሼ ጓንጉል፣ የአሻራውን ቀለም ከፍተው በርጩማው ላይ እያስቀመጡ።

ሠርኬ ወረቀቱን በቀኝ እጇ ብቻ ያዘች። ግራ እጇ ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ነበር። እዚያ ከተደበቀ ዛሬ ስምንት ቀኑ ነው። እናቷ «እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?» ስትላት «በርዶኝ ነው» ትላለች። ያውም በግንቦት።

ጋሼ ጓንጉል ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለችው ሱቃቸው ቢስክሌት ያከራያሉ፣ ይጠግናሉ። አንድ ነገር ከያዙ የማይለቁ ሰው ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ለቢስክሌት መንገድ ይሰጠን» እያሉ የመርካቶን ነጋዴ ጆሮ አሰልችተዋል። የሚጠይቁት ቀላል ነገር ነበር። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ በመንገዱ ጠርዝ ነጭ መስመር ይሰመር፤ ከመስመሩ ውስጥ መኪና አይቁም፣ ጭነትም አይራገፍ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰው ግን ይስቅባቸው ነበር። «ነገ ደግሞ ለአህያ መንገድ ትጠይቃለህ» ይሏቸዋል።

የሠርኬ ወንድም አሸብር እዚያ ዳገት ላይ እግሩን ከተሰበረ ወዲህ ግን የሚስቅ ጠፋ። ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ይጻፍ ተባለ። በሰፈሩ ውስጥ እንደ ሠርኬ የእጅ ጽሕፈቱ የሚያምር ልጅ የለም፤ ስምንተኛ ክፍል ብትሆንም ትልልቆቹን ታስከነዳለች። ደግሞስ አደጋው ሲደርስ አብራው የነበረችው እሷ አይደለችም? ከእሷ የተሻለ ማን ይጽፈዋል?

ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች ስለ ዳገቱና ስለ ነጩ መስመር ነበሩ፤ እነሱን ሳትደናቀፍ ተወጣቻቸው። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀጠነ።

«ባለፈው ሳምንት አሸብር ቦጋለ የተባለው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በቢስክሌት ዳሩን ይዞ በሥርዓት ሲሄድ፣ ቶላ የተባለ የጭነት መኪና ሹፌር ገጭቶ እግሩን ሰብሮታል።»

እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። የገዛ ጽሑፏ ነው። እንዴት አሳምራ ጽፋዋለች!

እውነቱ ሌላ ነበር። በዚያ ቀን አሸብር ዳገቱ አቅቶት ላብ በላብ ሆኗል። ሠርኬ ከኋላው ተፈናጣለች። ጭነት እስከ አፍንጫው የጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና እያቃሰተ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ የጭነቱ ማሰሪያ ገመድ ተንጠልጥሎ አየች። የመርካቶ ልጆች እንዲህ ያለ ገመድ ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል። ያዝ ማድረግ ነው፣ ዳገቱን መኪናው ይጨርስልሃል።

«ተዪው ሠርኬ» አላት አሸብር።

አልተወችውም፤ በግራ እጇ ጨበጠችው። መኪናው የእጅ ጋሪ ለማሳለፍ ዞር ሲል ገመዱ ሁለቱንም ጎተታቸው። መዳፏን ልጦ ሲያመልጣት እሷ ዘላ ወረደች፣ አሸብር ከነቢስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገባ። ሰው ግር ብሎ መጥቶ «ምን ሆናችሁ?» ሲል፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ «መኪናው ገጨን» አለች።

በዚያች ቃል ሹፌሩ ጋሼ ቶላ ሁለት ቀን ታሰሩ። መንጃ ፈቃዳቸው እስከ ዛሬም ፖሊስ ጣቢያ ነው። አሸብር ደግሞ እግሩ በጄሶ ታስሮ እንደተኛ፣ ለጠየቀው ሁሉ «አላስታውስም» ይላል። ከሁሉ የሚያንገበግባት ይኸው ነበር። «ታስታውስ የለም እንዴ? ለምን አትነግራቸውም?» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ገመዱን የያዘው እጅ የኔ አይደለም፤ እኔ አልናገርልሽም» አላት።

አንብባ ጨረሰች። በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ መጀመሪያ አሻራ የሚያኖር በዕድሜ የሚበልጥ ነው። በርበሬ ቸርቻሪዋ እትዬ ሐጀራ በርበሬያቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ተነሡ። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉ። ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉት ሲሉ ግን ቆም አሉ።

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ። «በዚያን ቀንም ጀርባዬን ሰጥቼ በርበሬ ስሰፍር ነበር፤ ጩኸቱን እንጂ ነገሩን አላየሁም። ቶላን ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ። አድርጎት ከሆነ አድርጎታል። ብቻ ይቺ ጣቴ የምታርፈው ባንቺ ዓይን ነው። እንዳየሽው ነው የጻፍሽው?»

ሠርኬ «አዎ» ልትል ቀና ስትል ዓይናቸው ዓይኗ ላይ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የመርካቶ መሬት ግን ጆንያ ተደርድሮባት የምትከፈትበት ቦታም የላት። የእትዬ ሐጀራ ጣት እንደጠቆረ አየር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

ሹራቧን ወደ ላይ ሰበሰበችና መዳፏን ዘረጋችው። ቁስሉ ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ ትንሿ ጣቷ ድረስ ተጋድሟል።

«ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «ጋሼ ቶላ አልገጩንም። አሸብር ተዪው ብሎኝ ነበር።»

ዳር ከቆሙት አንዱ «ጉድ ነው» ብሎ እያጉተመተመ ሄደ። ሁለት ሦስት ሰዎች ተከተሉት። ጋሼ ጓንጉል የቀለሙን ክዳን መልሰው ገጠሙት።

«ሦስት ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስት ዓመት ለምኜ ገና አሁን ሰው ቢሰማኝ… ማዘጋጃ ቤቱ አሁን ምን ይለናል? ጥፋቱ የልጆቹ ነው ብሎ ይመልሰናል እኮ።»

አልተቆጡም። በተቆጡና በገላገሏት ብላ ተመኘች። አንገቷን እንደደፋች «ያውቃሉ ጋሼ፣ መንገዱ እኮ አሁንም ጠባብ ነው» ልትል አሰበችና አፈረች። ይህን ለማለት ዛሬ ፊት የላትም።

እትዬ ሐጀራ ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «በይ ሌላ ጻፊ» አሏት። «እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም። ጣቴም እዚሁ ነው።»

ሠርኬ ማመልከቻውን ለአራት አጠፈችው።

«ጋሼ ጓንጉል፣ ባዶ ወረቀት ይኖርዎታል?»

«ለማዘጋጃ ቤቱ ነው?»

«ለእሱ በኋላ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ለፖሊስ ጣቢያው።»

ጋሼ ጓንጉል አተኩረው አዩአት። ከዚያ ወደ ሱቃቸው ገብተው ከደብተራቸው አንድ ሉክ ገንጥለው አመጡላት፤ በርጩማውንም አስጠጉላት።

ብዕሯን አነሳችና «እኔ ሠርካለም ቦጋለ» ብላ ጀመረች። ከዳገቱ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቱን ሊወስድባት ሲል በግራ መዳፏ ተጫነችው። ቁስሉ ያቃጥላል። እጇን ሳታነሳ ቀጠለች።