ወደቡ ሁሉ የሰማው እሺታ

በእኛ ወደብ አንድ ወንድ ፍቅር ሲይዘው፣ ከሚወዳት ልጅ ቀድመን የምናውቀው እኛ ጎረቤቶቿ ነን። በሐሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐሜትም አለ፣ አልዋሽም፤ ዋናው ግን ሬዲዮው ነው። ያን ጊዜ የእጅ ስልክ የሚባል ነገር ዶሚኒካ አልደረሰም። ከባለሸራ ጀልባዎች እንጀራ የሚያገኝ ሰው ሁሉ፣ አስጎብኚው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ሙዝና ብርቱካን የምሸጠው እኔ፣ ሁሉም «ታንቲ» ማለትም አክስቴ ዜልማ የሚለኝ፣ ሳልቀር፣ በቤቱ የባሕር ሬዲዮ ነበረው። ለመናገር ቁልፉን ትጫናለህ፣ ለመስማት ትለቃለህ። አንዱ የተናገረውን ሁሉም ይሰማል።

ፊሎሜን ግድግዳ ተጋሪዬ ነበረች። የጀልበኞችን ልብስ ወንዝ ወርዳ ታጥባለች፣ ከተራራው ደመና ጋር እየተሻማች ታደርቃለች፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ ትመልሳለች። እናቷ ማ ኤሎዲ እግሯ ከከዳት ቆይቷል፤ ከውስጠኛው ክፍል አልጋ አትነሳም። ወንድሟ አልቪን በአንዲት ባለሸራ ጀልባ ተቀጥሮ በሄደበት ቀርቷል። ጀልባዋም፣ እሱም፣ ሬሳውም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ፊሎሜን ታንኳ ላይ እግሯን አሳርፋ አታውቅም። ልብሱን ጀልባዎች እስከሚጠጉበት የእንጨት ድልድይ ያመጡላታል፤ እሷም እስከዚያው ብቻ ትሄዳለች።

በአንድ የኅዳር ጠዋት ማርጎ የምትባል ባለሸራ ጀልባ ከሌላ አገር መምጣቷን የሚናገረውን ቢጫ ባንዲራዋን ሰቅላ ገባች። ባለቤቶቹ አንድ ሽማግሌና ሚስቱ ናቸው፤ የሚነዳላቸው ግን ኦርቪል የሚባል የካሪያኩ ደሴት ልጅ ነው። በሬዲዮ ልብስ አጣቢ ጠየቀ።

«አለሁ» አለች ፊሎሜን። «ነጩን ከባለቀለሙ ለይተህ ወደ ድልድዩ አምጣ።»

አመጣ። በማግስቱ ሁላችንም ቁርሳችን ላይ ሳለን ድምጿን ሰማን።

«የማርጎ ካፒቴን፣ ቀይ ካልሲ ነጭ አንሶላ ውስጥ የደበቅከው አንተ ነህ?»

«ካልሲው… የማን እንደሆነ አጣርቼ…»

«አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት። ባለቤቱ እግሩ አንድ ነው?»

አስጎብኚው ሊዮኔል ማንም ሳይጠራው መሀል ገባ። «ካፒቴን፣ ሁለቱንም እግርህን ይዘህ ውረድና ይቅርታ ጠይቅ! እሷ ስትቆጣ ዝናብ ይመጣብናል!»

ወረደ። እኔም ሙዜን አስታክኬ ድልድዩ ላይ ነበርኩ፤ መቼም እዚያ ካልሆንኩ የት ልሆን ነው? ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ ልጅ፤ ይቅርታውን መንገድ ሙሉ ሲያጠና መጥቶ እሷ ፊት ሲቆም ጠፋበት። ፊሎሜን ካልሲውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ታየዋለች። እሱም ያያታል። ማዕበሉ ከድልድዩ ሥር ሁለት ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ተመለሰ።

«አንሶላዎቹ ሮዝ ሆነዋል» አለች በመጨረሻ። «ምን ይሻላል?»

«ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው ደክሟል። ነጭ ነው እላቸዋለሁ።»

ሳቀች። አልቪን ከጠፋ ጀምሮ ያን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማርጎ ወደ ሰሜን ስትወጣም፣ ወደ ደቡብ ስትመለስም ወደባችን ሳትቆም አታልፍም። ሽማግሌው ተራራችንን ስለወደደው ነው ይባል ነበር። ይባል እንጂ! ኦርቪል ተራራውን ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም። ወንዝ ወርዶ አንሶላውን በአንድ ጫፍ ይይዛል፣ እሷ በሌላው፤ እሱ ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ ይጠመዝዛሉ። ውሃው ተጨምቆ ካለቀም በኋላ ጨርቁን ሳይለቁ ይቆማሉ።

ማውራቱስ በሬዲዮ ነበር። «ወደ ሌላ መስመር እንቀይር» ይላታል፤ ወደቡ ሁሉ አብሯቸው ይቀይራል። አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪዋ ሳታውቅ ቁልፉን ተጭና ስትስል ሰማና፣ «እግዜር ይማርሽ!» ብሎ ወሬውን ቀጠለ።

ያልሳቀች ማ ኤሎዲ ብቻ ናት። ኦርቪል አንድ ጊዜ ትልቅ ዓሣ ይዞላት ገባ። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ።

«ቤትህ የት ነው፣ ልጄ?»

«ካሪያኩ፣ ማ ኤሎዲ።»

«የእናትህ ቤት ነው እሱ። ያንተ ቤት ውሃ ላይ ነው። ውሃ አንድ ልጅ በልቶብኛል፤ ሁለተኛውን በእጄ አላጎርሰውም። ዓሣህን ይዘህ ሂድ።»

ዓሣውን ለእኔ ሰጥቶኝ ሄደ። ከጎደሬ ጋር ቀቀልኩት፤ ግን አልጣመኝም።

በሦስተኛው ዓመት ግንቦት ሲገባ ማርጎ ወደ ደቡብ የምትወርድበት ጊዜ ደረሰ። የአውሎ ነፋሱ ወራት ሳይመጣ ባለሸራዎቹ ሁሉ ይወርዳሉ፤ የሚመለሱት በኅዳር ነው። ኦርቪል ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ላይ፣ ያጣጠፈችለትን ልብስ ሳይቀበላት፣ «አግቢኝ» አላት። «በኅዳር ቀለበት ይዤ ልምጣ። እሺ ካልሽኝ ከሽማግሌው ሥራ እለቅና ካሪያኩ መሬት ላይ ቤት እሠራለሁ። እናትሽንም እንወስዳለን።»

«እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ ስጠኝ» አለችው።

ማታ እናቷን ለመነች። ማ ኤሎዲ ጮክ ብላ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ሂጂ» አለች ቀስ ብላ። «ግን እሺ ባልሽው ቀን እናት የለሽም። ውሃ ብታቀብይኝ አልጠጣም።»

ሌሊቱን ባሕሩ ተቆጥቶ አደረ። ከሰሜን የመጣው ማዕበል ድልድዩን ከላዩ እየዘለለ ያጥበዋል፤ ከጀልባ ወርዶ መሬት መርገጥ አይሞከርም። ማርጎ መልህቋን ልታነሳ ሊዮኔል በታንኳው ሄዶ ይረዳታል። እኔ ከፊሎሜን ጋር በረንዳዋ ላይ ነኝ። ሬዲዮውን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ፊሎሜን፣ ማርጎ ነኝ።»

«እሰማሃለሁ።»

«መሄዳችን ነው። ድልድዩ ጋ መድረስ አልቻልኩም። እስቲ መልሱን ንገሪኝ።»

ቁልፉን ለቀቀ። ወደቡ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። እሷ ወደ ውስጠኛው ክፍል በር አየች፣ ወደ ባሕሩ አየች፣ ከንፈሯን አራሰች። ከዚያ ተጫነች።

«እሺ ብያለሁ፣ ኦርቪል። በኅዳር ቀለበት ይዘህ ና፤ ሚስትህ እሆናለሁ። እናቴም ትስማኝ፣ ወደቡም ይስማኝ።»

እልልታው ከዳቦ ቤቱ ተነሳ፣ ከዓሣ ገበያው ተቀበሉት። እኔም በዚህ ውፍረቴ ዘለልኩ።

ከሬዲዮው ግን መልስ አልመጣም።

ጠበቅን። ማርጎ ሸራዋን ዘረጋች። ፊሎሜን ቁልፉን ለቃ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ቆማለች። «ደስታው አንደበቱን ይዞት ነው» አልኳት። ማርጎ ቀስ እያለች ወደ ወደቡ አፍ ሄደች። «እንደገና ጥሪው» አልኳት።

«አንዴ ተናግሬያለሁ፣ ታንቲ ዜልማ። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አሁን ተራው የእሱ ነው።»

ነጩ ሸራ ከደቡቡ ተራራ ጀርባ ገባና ጠፋ። በዚያን ጊዜ ብቻ ቁልፉን ተጫነች፤ «ኦርቪል? ኦርቪል?» ተራራው መሀል ከገባ ደግሞ ሬዲዮው አያልፍም።

«ሰማኝና ፈራ» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

ከውስጥ የማ ኤሎዲ ድምፅ መጣ። «እኔስ ምን ብዬሽ ነበር?»

ሊዮኔል ግማሽ ታንኳ ውሃ ተሸክሞ አሸዋው ላይ ወጣና ሽቅብ እየሮጠ መጣ። ተቆጥቷል።

«እናንተ ሰዎች ልባችሁ ድንጋይ ነው? ያ ሰው እንደዚያ ሲናገር አንድ ቃል አይመለስለትም?»

«ማን? ምን ብሎ?» አልኩት።

«አጠገቡ ነበርኩ እኮ! ‹ካልቻልሽ አትጨነቂ፣ ዝም ካልሽ መልሱ ገብቶኛል፣ ዳግመኛ አላስቸግርሽም› አላት። ከዚያ ሬዲዮውን ይዞ ቆመ፣ ቆመ… እንባው ወረደ። የማንም ድምፅ አልመጣም።»

«እሺ ብላዋለች! እልልታችንን አልሰማህም?»

«የምን እሺ? የምን እልልታ?»

ያን ጊዜ ገባን። እኩል ተጭነዋል። ሁለት ሰው እኩል ሲጫን አንዱ ሌላውን አይሰማም፤ ቀሪው ሰው ደግሞ የሚሰማው ከሁለቱ የሚቀርበውን ነው። እኛ እሷን ሰማን፣ ሊዮኔል እሱን ሰማ። ሁለቱ ግን ምንም አልሰሙም። እሷ መልሱን እየጠበቀች፣ እሱ መልሷን እየጠበቀ ተለያዩ።

ፊሎሜን ሬዲዮዋን በላስቲክ ጠቀለለች፣ ደረጃውን ወረደች፣ አሸዋውን አቋረጠችና የሊዮኔል ታንኳ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ባሕሩን አላየሽውም?» አላት ሊዮኔል።

«ሞተሩን አስነሳ።»

ብቻዋን አልተውኳትም። ለወሬ ነው ብላችሁ ብታሙኝ አልቀየምም። ከወደቡ አፍ ስንወጣ ማዕበሉ ታንኳዋን እንደ ብርቱካን ቅርጫት ያነሳታል፣ ይጥላታል። እኔ የበላሁትን ሁሉ ለዓሣ መለስኩ። ሊዮኔል በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው የገባውን ውሃ ቀድቶ ያፈሳል። ፊሎሜን ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ የአልቪንን ስም ሲጠራ አይቻለሁ። ተራራውን አለፍን። ሩቅ፣ ከአድማሱ አጠገብ፣ ጥፍር የምታህል ሸራ።

«ማርጎ፣ ማርጎ፣ ፊሎሜን ነኝ።»

ከሬዲዮው የመጣው ጩኸት ብቻ ነው። ደግማ ጠራች። በሦስተኛው አንድ የተሰበረ ድምፅ መጣ፤ «…ሎሜን? የት ነ…»

«እጅህን ከቁልፉ አንሳ። አትናገር። ስማኝ ብቻ።» ውሃ አፏ ገባ፤ ተፋችው። «ጠዋት እሺ ብዬሃለሁ። እኩል ተጫንንና አልሰማኸኝም። አሁንም እሺ ነው። እሺ። እሺ። አሁን ተናገር።»

ቁልፉን ለቀቀች። ያ ዝምታ እኔን ከማዕበሉ የባሰ አስፈራኝ።

«ሰማሁ» አለ። ከዚያ ጩኸት፤ ከጩኸቱ ውስጥ፣ «…በኅዳር፣ ዱዱ፣ ፍቅሬ።»

እዚያው የታንኳው ወለል ላይ፣ ጨዋማው ውሃ እስከ ወገቧ ደርሶ፣ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማ ኤሎዲ ቃሏን ጠበቀች። ውሃ የምትጠጣው ከእኔ እጅ ብቻ ሆነ። ክረምቱን ሙሉ በአንድ ቤት ሁለት ሴቶች ሳይነጋገሩ ኖሩ። ፊሎሜን እናቷን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፤ ስትጨርስ ማ ኤሎዲ «አመሰግናለሁ» የምትለው ለእኔ ነው።

መስከረም ላይ አውሎ ነፋሱ መጣ። እኛን ስቶ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ባለሸራዎቹ ተሸሽገውበታል ወደተባለው ቦታ። ሳምንታት ወሬ አልነበረም። ኅዳር ገባ። የመጀመሪያዋ ባለሸራ ጀልባ ሸራዋ ተጣጥፎ በሞተር ገባች፣ አንድ የማናውቀው ድምፅ ጠራ።

«ፊሎሜን የምትባል ልብስ አጣቢ ትሰማኛለች?»

«እሰማለሁ።»

«የኦርቪል የአጎት ልጅ ነኝ። እባክሽ ወደ ድልድዩ ነይ። በሬዲዮ የሚነገር አይደለም።»

ሬዲዮዬን አጠፋሁ። በኋላ ስሰማ ሁሉም አጥፍተው ኖሯል።

ኦርቪል በአውሎ ነፋሱ ሰዓት ማርጎን ከባሕር ዳር ዛፎች ጋር ሲያስር፣ ገመዷ የተበጠሰ ሌላ ጀልባ መጥታ ከማርጎ ጋር መሀል አስገብታ ገደለችው። ካሪያኩ ተቀብሯል። ከመሞቱ በፊት ለሰው ሁሉ፣ «ሚስቴ ያለችው ዶሚኒካ ነው» ይል ነበር አለ የአጎቱ ልጅ። ፊሎሜን አመሰገነችው። ቤት ገባች፣ ከሰሉን አቀጣጠለች፣ የሰው ሸሚዝ ተኮሰች።

ለእሑድ ቅዳሴ ጥቁር ለብሳ ልትወጣ ስትል ነው ወሬው የተነሳው። ሳታገባ የባል ሐዘን! ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቄሱም ራሱን ነቀነቀ። «ለነፍሱ እጸልያለሁ፣ ልጄ። ግን ሚስቱ ብዬ ስምሽን ልጠራ አልችልም። አልተጋባችሁም። ምስክር የለም።»

«ምስክር አለ።»

ዞር አልን። ሊዮኔልና ዳቦ ጋጋሪዋ ማ ኤሎዲን በወንበር ተሸክመዋታል። ስንት ዓመት ፀሐይ ያላየ ፊቷ እንደ ሰም ነጥቷል። ከፊሎሜን ጋር ከግንቦት ጀምሮ ቃል አልተለዋወጠችም፤ አሁንም ያየችው ቄሱን ነው።

«እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ፣ አባ። እንዳልሰማ ፈልጌ ነበር፤ ግን ሰምቻለሁ። እነዚህም ሰምተዋል። እርስዎ ካጋቧቸው ሁሉ ይህን ያህል ምስክር የነበረው ማን ነው?»

ቄሱ ወደ እኛ ተመለከተ። «እውነት ነው? ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል» አልን፣ ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

ቄሱ ለፊሎሜን በሩን ለቀቀላት። ማ ኤሎዲ እጇን ወደ እሷ ዘረጋች፤ «ውሃ ስጪኝ፣ ልጄ» አለች።