ቀይዋ ሣጥን የጠፋችበት ጠዋት

ይህ የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። ዋሽቼ ከተገኘሁ ጥርሶቼ እንደ በቆሎ ፍሬ አንድ በአንድ ይርገፉ!

መካኒኩ የሞተው በፖም ሣጥኖች መሃል ነው፤ ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ፖም እንዳይበሰብስ ከማቆያው ክፍል ኦክስጅን ይወጣል። ሰው የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አየር ይነፋበታል። አየሩ እስኪበቃ ድረስ በመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ገጽ ላይ «አትግቡ» የምትል ቀይ ሣጥን ትብለጨለጫለች፤ ሲበቃ ትጠፋለች።

የጠዋት ተረኛዋ ገጹን ስታይ ቀይ የለም። «ግባ» አለችው። ገባ፤ በዚያው ቀረ።

መርማሪዋ ስትደርስ ግን ሣጥኗ ስክሪኑ ላይ እንደ ፍም ቀልታለች።

«ይኸው እንግዲህ!» አለ የሌሊት ፈረቃው አለቃ። «ቀዩ እያፈጠጠባት ሰው ወደ ሞት ሰደደች። ለዚች እስር ሲያንሳት ነው።»

«እትዬ፣ እናቴ ትሙት አልነበረም!» አለች ተረኛዋ። እጇ ይንቀጠቀጣል። ከእስሩ ይልቅ ያስፈራት የገዛ ዓይኗ ነበር፦ ነበረ እንዴ? እያየሁት ይሆን የገደልኩት?

መርማሪዋ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች።

«ልጄ፣ ሠራተኞቹ ሟቹን ‹ጠርጣራው› ሲሉት ሰማሁ፤ ለምንድን ነው?»

«ፎቶ ካልላኩለት አይገባማ። ‹አፍሽን አላምንም፣ ስክሪኑን ላኪልኝ› ይለኛል…» ድንገት አፏን በእጇ ያዘች። «ዛሬም ልኬለታለሁ! ከድንጋጤዬ ረስቼው!»

«የሟቹን ስልክ አምጡልኝ። ሙት አያደላም።»

ፎቶው መጣ፤ አራት ሰዓት ከአምስት ይላል። ቀይ የለም። ከላይ፣ ከገጹ አድራሻ ጎን ግን «1» የተጻፈባት ትንሽ ጋሻ ትታያለች።

የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ጎንበስ ብሎ አየ። «ማስታወቂያ ማገጃ ናት። የኢንተርኔት ገጽ በሚከፍተው ብራውዘር ላይ ትጫናለች። ‹ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ከልክያለሁ› ማለቷ ነው። አሁን ግን እዚህ ኮምፒውተር ላይ የለችም!»

«ያጠፋሃት አንተ ትሆን?»

«ኧረ እትዬ! ከሌላኛው መጋዘን በእርስዎ መኪና አይደል የመጣሁት? መንገዱን ሙሉ ስለ ጉልበትዎ ሕመም ሲያጫውቱኝ!»

«እውነትህን ነው፤ ጉልበቴ መሰከረልህ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ በብራውዘሩ የተከፈቱትን ገጾች ዝርዝር አስወጣች። ሦስቱም ከኋላዋ ቆሙ።

«ትናንት ሌሊት እዚህ ኮምፒውተር ላይ ኳስ ታይቷል» አለች መርማሪዋ። «ተረኛው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ» አለ አለቃው። «ታዲያ ኳስ ማየት ሰው ይገድላል?»

«ኳሱማ አይገድልም። የኳሱን ገጽ ከማስታወቂያ ለማጽዳት ማገጃ ጫንክ። እሷ ደግሞ በጣትህ ያመለከትክላትን ሁሉ ትደብቃለች። ቀይዋ ሣጥን ከጎን እየተብለጨለጨች ጨዋታህን ረበሸችህ፤ ደበቅሃት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሳትመልሳት ፈረቃ አስረከብክ። አየር የሚነፋው ማራገቢያ ሌሊት መሃል ላይ ሲቆም፣ እሷ ስለተደበቀች የሚናገር አልነበረም።»

«ወሬ ነው! ማስረጃ የት አለ?»

«ማገጃዋ ጨዋ ናት፤ ስትባረር ሳትሰናበት አትሄድም።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «‹ለምን ተለዩን?› የሚል የስንብት ገጿ፤ አራት ከሩብ ላይ ተከፍቷል። ልጄ፣ አራት ከሩብ ላይ የት ነበርሽ?»

ባለሙያው ቀድሞ መለሰላት፦ «ሠራተኛው ሁሉ አይቷታል ነው የሚሉት። ከማቆያው ጎትተው ሲያወጡት፣ በሩ ላይ ተንበርክካ ደረቱን ስትጫን።»

«አንተሳ?» ብላ ወደ አለቃው ዞረች።

አለቃው ዓይኑን ወደ በሩ ሰደደ። «እኔ… አምቡላንስ ልጠራ ገብቼ ነበር።»

«ብቻህን?»

አለቃው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ።

«መጀመሪያ ማገጃዋን አጠፋህ፤ ገጹን እንደገና ከፈትክ፤ ቀይዋ ብቅ አለች። ከዚያ በኋላ ነው አምቡላንስ የጠራኸው።»

«መግደል አልፈለግኩም!» ድምፁ ተሰበረ።

«አውቃለሁ። እሷን ማሳሰር ግን ፈልገሃል።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ተረኛዋ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። መርማሪዋ ትከሻዋን ዳበሰቻት፤ ያን ጊዜ የእጇ መንቀጥቀጥ ቆመ።

እንግዲህ ጥርሴን ስለምወድ አንድ ነገር ልናዘዝ። መንቀጥቀጡ ቆመ ያልኩት የኔ ጭማሪ ነው። እስከ ዛሬ አልቆመም። ሰው ወደዚያ ክፍል ከመግባቱ በፊት ገጹን በሁለት ኮምፒውተር ትከፍትና ፎቶ ታነሣለች። ከዚያ ለጠርጣራው ስልክ ትልከዋለች።