የባርሲሳ ሆርዶፋ ሠልስት

ጠርሙሱ ባዶ ነበር። አንገቱ ላይ ከነጠላ ጥለት የተመዘዘ ነጭ ክር ታስሮበታል። ከሥሩ፣ ጎድጎድ ባለው በኩል፣ ሚሞሪ ካርድ በማስቲካ ተጣብቋል።

ሃዋኒ ጠርሙሱን ከአምቦ ውኃው ሳጥን ጫፍ ላይ አስቀምጣ አለፈች። ዞር ብላ አላየችም።

ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ከአግዳሚው ተነሣ። ባዶ ጠርሙሶች የሚሰበስብ መስሎ ሳጥኑን አንሥቶ ከድንኳኑ ጀርባ ዞረ። ማንም ልብ አላለውም። ለቅሶ ቤት ሥራ የሚያግዝን ሰው ማን ይጠረጥራል?

በርሜሉ ጋ ተገናኙ። እሷ እጇን ትታጠባለች። እሱ ጠርሙስ ይደረድራል። ስሙን አታውቅም። ስሟን አያውቅም። እሱ «ጃንጥላ» ነው፣ እሷ «ነጠላ»። ሁለቱን ያገናኛቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከዚህ በላይ እንዲተዋወቁ አልፈለገም።

«ሟቹ ልጅ አለው?»

«አንዲት። ለንሳ ትባላለች። ሸነን ከተማ ሲያስተምር ነው የወለዳት። እዚያው ነርስ ናት።»

«ወረቀት አላት?»

«የላትም። ሰፈሩ ግን ያውቃታል።»

«አሁን የት ናት?»

«ጓዳ። ድስት ታጥባለች።»

ጃንጥላ አንድ ጠርሙስ አንሥቶ ወደ ብርሃን አየው። «ለካባ ልጅ የለውም በይው። ሐሰተኛ ወራሽ ያመጣል። ፍርድ ቤት ቆሞ ሲምል እንይዘዋለን።»

«የካቺሲው ለቅሶ ላይም እንዲህ ብለህ ነበር። ቤቱ ተሸጠ። ማን ተያዘ?»

«ጊዜው አልነበረም።» ድምፁ ተሰላቸ። «ሌላስ? ሰው ሟቹን ምን እያለ ነበር የሚጠራው?»

ሃዋኒ እጇን ማራገፏን አቆመች። ፍርድ ቤት ለሚቆም ክስ ይህ ምን ያደርጋል?

«ጋሼ ጠመኔ» አለችው።

ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ሳጥኑን ተሸክሞ ሄደ።

በአምቦ ውስጥ ሟቹን ሆርዶፋን ጋሼ ጠመኔ ብሎ የጠራ አንድም ሰው አልነበረም። አምቦ የሚያውቀው በኦሮምኛው «ባርሲሳ» ብሎ ነው። መምህሩ።

*

ካባ የተባለው ጠበቃ ደግፌ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከፋርማሲው በላይ፣ ሰማያዊ ሰሌዳው ተሰቅሏል፦ «ደግፌና ጓደኞቹ የሕግ አገልግሎት። ወራሽነት፣ ስም ዝውውር፣ ውክልና፣ የግብር ይግባኝ፣ የንብረት ግብር ማማከር።» ጓደኞቹን ያየ የለም። ያ ሰው ጓደኛ ሊኖረው እንደማይችል ደግሞ ለማወቅ አምስት ደቂቃ አብሮት መቀመጥ ይበቃል።

ደግፌ ለቅሶ አያልፈውም። እንጀራው ነው። ድንኳን ሲተከል ከእድሩ ወንበር ቀድሞ ይደርሳል። ጥቁር ኮት፣ የተወለወለ ጫማ፣ ለማንኛውም ሬሳ የሚሆን አንድ ዓይነት የሐዘን ፊት። ንፍሮውን እየዘገነ ወደ ሐዘንተኛው ይጠጋና ያንሾካሹካል። «አዲሱ የንብረት ግብር እየመጣ ነው። በሟች ስም የቆየ ቤት ጣጣው ብዙ ነው። ሳይመጣ ስሙን እናዙር።» ከዚያ ካርዱን ያወጣል። እንባው ያልደረቀ ሰው ስለ ግብር ሲሰማ ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው ይፈርማል። ወራሽ የሌለ ከመሰለ ደግሞ ደግፌ ራሱ ወራሽ ይፈጥራል፣ ምስክር ያስምላል፣ ቤቱን ይሸጣል፣ ለግብር ቢሮ የዶሮ ቤት ዋጋ ያስመዘግባል።

ይህንን ለማድረግ አንድ ነገር ያስፈልገዋል። ሟቹ ማን እንዳለው ማወቅ።

አልቃሽ ደግሞ ይህን ታውቃለች። ሙሾ ከማውረዷ በፊት ትጠይቃለች፦ ስንት ወለደ? ማን ቀረበት? ማን አልደረሰም? ይህ ወጓ ነው፤ የጠየቀችውን የሚደብቃት የለም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ወደ ደግፌ ሰው መላክ ሲፈልግ ሒሳብ አዋቂ አልላከም። አልቃሽ ላከ።

በምዕራብ ሸዋ ድንኳኖች ሃዋኒ «ዘቢደር» ናት፤ ከወደ ግንደበረት የመጣች አልቃሽ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ እስከ ዓይኗ ትከናነባለች። ፊቷን የሚያስታውስ የለም። ድምፅዋን የሚረሳ ግን የለም። ደግፌም የሚያውቃት በድምፅ ነው። በስልክ ይጠይቃታል፣ በስልክ ይከፍላታል። ለእሱ አልቃሽ ፊት ያላት ፍጥረት አይደለችም።

በዚያው ከሰዓት ደወለ። ስልኳ እንደ ወትሮው ይቀዳል፤ ቅጂው በሚሞሪ ካርድ ለጃንጥላ ይደርሳል።

«እህ፣ አልቃሺት! ምን አገኘሽ?»

«ሰውዬው ብቸኛ ነበሩ፣ ጌታዬ።»

«ልጅ?»

«የላቸውም ይላሉ።»

«ይላሉ ነው ወይስ የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«ጎሽ! አንቺ እኮ ከኔ ዲግሪ ትበልጫለሽ።» በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ። «ለሠልስቱ የእህታቸው ልጅ ይመጣል። ከነቀምቴ። ሲገባ በሙሾ አጅቢው። ሰዉ ዘመድ መሆኑን ይወቅ።»

ስልኩን ዘጋው።

ሃዋኒ ማልቀስን ማንም አላስተማራትም። ልጅ ሳለች አባቷ ሲሞት፣ እጃጂ ላይ የተቀጠረችው አልቃሽ የአባቷን ስም ተሳስታ የሌላ ሰው ስም ጠራች። ሃዋኒ ያን ቀን ባሕር ዛፍ ውስጥ ገብታ ብቻዋን ትክክለኛውን ስም እየጠራች አለቀሰች። እዚያ የሰማቻት እናቷ አሰፋሽ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ስልክ በተደዋወሉ ቁጥር እናቷ አንድ አደራ አላት። «የኔን ቀን አልቃሽ እንዳትቀጥሪ። አንቺው። በራስሽ ድምፅ።»

«እሺ፣ እማዬ» ትላለች ሁሌም።

*

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞላ። የድሮ ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ የጤና ጣቢያ ሰዎች፣ የሰፈሩ እድርተኛ። ደግፌ ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ለንሳ ከጓዳው በር አልወጣችም። ጴንጤ ስለሆነች ደረት አትመታም፤ ስላልመታች ደግሞ ማንም አላጽናናትም። እጇ በሳሙና ቆስሎ ዝም ብላ ታጥባለች። ሃዋኒ ጠዋት ጠይቃት ነበር።

«ለምን ሰው መሐል አትቀመጪም?»

«ማን ነኝ ብዬ?» አለች ለንሳ። «አባዬ ሲኖር እዚህ ቤት መጥቼ ስሄድ ማንም ማን ነሽ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ቢሉኝ የማሳየው የለኝም። ቤቱ ይቅር። ስሙን ግን ማን ይሰጠኛል?»

ረፋድ ላይ ከደጅ ጩኸት መጣ።

አንድ ወጠምሻ እየተንገዳገደ ገባ። አዲስ ነጠላ ለብሷል፤ የሱቁ እጥፋት እንኳ አልጠፋም። ደረቱን እንደ ከበሮ ይመታል።

«ወይኔ አጎቴ! ወይኔ የእናቴ ወንድም! ወይኔ ጋሼ ጠመኔ!»



ያን ስም የፈጠረችው ሃዋኒ ናት። የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ለደግፌ አልነገረችም።

ስልኳ በነጠላዋ ሥር ተንቀጠቀጠ። ከጃንጥላ የመጣ መልእክት ነው። «እቅዱ እየሄደ ነው። አጅቢው።»

እቅዱ እየሄደ ነው። አዎ። እንደ ካቺሲው ሊሄድ። ወጠምሻው ይምላል፣ የሚይዘው አይኖርም፣ ቤቱ ይሸጣል። በየድንኳኑ የለቀመችው ሁሉ በጃንጥላ በኩል ዞሮ ደግፌ ቢሮ ሲገባ ነበር። መንግሥት ከፍሎ ለአንድ ሌባ ጠበቃ ሰላይ ቀጥሮለታል። ሰላይዋ እሷ ናት።

ዝም ካለች ሥራዋ ይቀጥላል።

ከተናገረች በድምፅዋ ትታወቃለች። ዛሬም፣ ነገም፣ በማንኛውም ድንኳን።

ደግፌ በጉሮሮው «እህም» አለ። እያዘዛት ነው። ወጠምሻው ደረቱን እየመታ አጃቢውን ይጠብቃል።

ሃዋኒ ብድግ አለች።

«ሺህ ልጅ አስተምሮ፣ ባርሲሳ ሆርዶፋ፣
የራሱን ልጅ ስም ማን ይሆን ያጠፋ?»

ከጓዳ በኩል የድስት ድምፅ ቆመ።

«ድስት ማጠብ ተይና ነይ ውጪ ከጓዳ፣
ልጁ ነሽ ለንሳዬ፣ አይደለሽ እንግዳ።»

መጀመሪያ አንዲት አሮጊት ተንሰቀሰቀች። የሟቹ የቅርብ ጎረቤት ወርቅቱ ናት። «እውነት ነው! ማሎ፣ ምነው ዝም አልን? በየበዓሉ እየመጣች ስታድር የማያውቅ ማነው? ነይ፣ ኢንተላ ኮ! ልጄ፣ ነይ!»

ለንሳ በሩ ላይ ቆመች። እጇ ይንጠባጠባል። ወርቅቱ ተነሥታ አቀፈቻት። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። ሴቶቹ እየተቀባበሉ መሐል አስቀመጧት። ነርሷ ደረት አልመታችም። አፏን በእጇ ይዛ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ረጋሳ ወደ ወጠምሻው ዞሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለቀልድ ፊት የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ማነው ያልከው? ጋሼ ጠመኔ ኤኙ? ማነው እሱ?»

«አጎቴ… ጋሼ…»

«ድንኳን ተሳስተህ እንዳይሆን። ከታች ሰፈርም ለቅሶ አለ።»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«የሆርዶፋ እህት ናት ያልካት እናትህ ስሟ ማነው?»

ወጠምሻው አፉን ከፈተ። ዘጋው። ዓይኑ እርዳታ ፍለጋ ወደ ደግፌ ሄደ።

የድንኳኑም ዓይን ሁሉ ተከትሎት ሄደ።

ደግፌ በመዳፉ የያዘውን ንፍሮ መመርመር ጀመረ። እንደዚያ ባቄላ በጥንቃቄ ያነበበው ሰነድ በሕይወቱ አልነበረም።

ወጠምሻው ሮጠ። የድንኳኑ ገመድ ጠለፈው። እድርተኛው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲወስደው ገና መንገድ ላይ የደግፌን ስም ሦስቴ ጠራ። ጉደር መናኸሪያ ደላላ ነበር። ለማልቀስ እንጂ ለመዋሸት አልተከፈለኝም አለ።

በግርግሩ ውስጥ አልቃሽዋ የት እንደገባች ያየ የለም።

*

ጃንጥላ በሁሉቃ ድልድይ ላይ ደረሰባት።

«ምን አደረግሽ?»

«ሙሾ አወረድኩ።»

«ሁሉን አበላሸሽው!»

«ጋሼ ጠመኔን ለማን ነገርከው?»

ከታች ውኃው ድንጋይ ይመታል።

«እኔ ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ» አለች። «ውሸት ነበር።»

ሰውዬው ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ፈገግ አለ። ፈገግታው ከደግፌ የሐዘን ፊት የባሰ ነበር።

«ቅጂዎቹ በሙሉ እኔ ጋ ናቸው። ነጠላ የምትባል ሰው በመዝገብ የለችም። ማን ያምንሻል? ደግፌ ደግሞ ድምፅሽን ያውቃል። ለማንኛውም ድንኳን ሰው ይልካል። አፍሽን በከፈትሽበት ያገኝሻል።»

«ያንተንስ ድምፅ?»

«የኔ?»

«ወጠምሻው ፖሊስ ጣቢያ ነው። ከማን ስሙን እንደሰማ ይጠየቃል።»

ፈገግታው ጠፋ። ሃዋኒ የሥራውን ስልክ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ድልድዩን ተሻግራ ሄደች።

እንዲህ ያለ ሰው አይባረርም፤ ይዛወራል። ጃንጥላም ወደ ሌላ ዞን ተዛወረ፤ በሹመት ነው አሉ። ደግፌ ታስሮ በዋስ ተለቀቀ። ፈቃዱ ታግዷል። ከሰሌዳው ላይ ወራሽነቱና ውክልናው በቀለም ተደለዘ። «የንብረት ግብር ማማከር» ግን ቀርቷል።

ከሠልስቱ ድንኳን የተነሡ ምስክሮች ፍርድ ቤት ሞሉ። ወርቅቱ ዳኛውን ሳይቀር ተቆጣች። የለንሳ ልጅነት ጸና። የዚያን ዓመት የጣራና ግድግዳ ግብር የተከፈለው በለንሳ ሆርዶፋ ስም ነው። ደረሰኙን መስታወት ውስጥ አስገብታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች ይላሉ። ለግብር ደረሰኝ እንዲህ ያለ ክብር የሰጠ በአምቦ ሌላ ሰው የለም።

*

አሰፋሽ በክረምቱ መውጫ እጃጂ ላይ ሞተች።

ሃዋኒ እንደ ማንኛዋም ከተማ የምትኖር ልጅ በሚኒባስ ደረሰች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። ሙሾው በመንገድ ላይ ተሠርቶ አልቋል። የእናቷ ስም፣ የባሕር ዛፉ፣ አደራው። ሁሉም ቤት መትቷል። ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል።

ቀና ስትል ከወንዶቹ በኩል የተወለወለ ጫማ አየች።

ደግፌ ነው። ንፍሮ ይዟል። ዓይኑ ሰው አያይም። ጆሮው ግን ወደ ሴቶቹ ዞሯል። አንዲት ሴት ሙሾ በጀመረች ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል። ይሰማል። አይደለችም። ወደ ንፍሮው ይመለሳል።

«ሃዋኒ፣ እናትሽ እኮ ናት!» አለቻት ጎረቤቷ ጉዴ። «አንድ ቃል እንኳ!»

ሃዋኒ የነጠላዋን ጥለት ነከሰች።

«ተያት» አለች ሌላዋ፣ እንዲሰማ አድርጋ። «ከተማ ልብ ያደርቃል። ለገዛ እናቷ እንባ አጠራት።»

«እኔስ ባዕዷ አለቀስኩላት» አለች ጉዴ። ደረቷንም መታች። የአሰፋሽን ስም ቢያንስ በትክክል ጠራችው።

ሰው መበታተን ሲጀምር ደግፌ ወደ ሴቶቹ ጠጋ አለ። የተዘጋጀ ፊቱን አጎነበሰ። ካርድ አወጣ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። እናትሽ ቤት ነበራቸው? አዲሱ የንብረት ግብር…»

ሃዋኒ ቀና ብላ ፊቱን አየችው። እሱም ፊቷን አየ። ምንም አላየም።

ራሷን ነቀነቀች። የለም።

ካርዱን ይዞ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

በማግሥቱ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ሬዲዮው ይጮሃል። ድምፅዋ አይሰማም።

«ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ።

ሴትየዋ አልመለሰችም። የመኪናውን ቆርቆሮ በጣቷ ሁለቴ መታች። መኪናው ቆመላት።